ሳሙና የማይነካው ጋውን

ልጄ አሥር ዓመት እስኪሞላት ድረስ ስለ ዓለም የምታውቀውን ሁሉ የነገርኳት እኔ ነበርኩ። እሳት እንደሚፋጅ፣ ውሻ ሲሸሹት እንደሚከተል፣ ነጭ ልብስ ከቀይ ጋር እንደማይዘፈዘፍ። ከዚያ ወደ ተራራው መውጣት ጀመረች፤ እኔ ከነገርኳት ነገር ግማሹ ስህተት ሆኖ ተገኘ።

ተራራው ከከተማችን በላይ ነው። ድሮ እንጨት የሚለቀምበት ነበር። አሁን ታጥሮ፣ ደኑ አገግሞ፣ የዱር እንስሳት የሚጠበቁበት ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። በሩ አጠገብ የትምህርት ማዕከል አለ። የተማሪዎች የተፈጥሮ ክበብ እዚያ እየተሰበሰበ ስለ ዛፍ፣ ስለ ወፍ፣ ስለ ውሃ ይማራል። የልጄ ትምህርት ቤት የጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ምሳዋን በልታ ትወጣለች፤ አመሻሹ ላይ በአባቷ አውቶቡስ ትመለሳለች። አባቷ ከከተማው እስከ ተራራው የሚመላለሰውን አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ድንቢጥ ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ አሁን ሰፈሩ ሁሉ ድንቢጥ ይላታል።

እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ፣ የባለሱቆችን ሸሚዝ፣ የተማሪዎችን ዩኒፎርም አጥቤ እተኩሳለሁ። አተኳኮሴ ይታወቃል፤ የኔ እጅጌ ላይ አንድ መስመር እንጂ ሁለት መስመር አይገኝም።

ክበቡን የምታስተምረውን ሴት ልጆቹ ቲቸር ይሏታል። ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ የምታስር፣ ሲያናግሯት አስባ የምትመልስ ሴት ናት። መጀመሪያ ላይ መርቄያታለሁ። ልጄን መንገድ ላይ ከመዋል አዳነችልኝ፣ እጇ ይባረክ እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ምርቃት እንደ ብድር ዕቃ አይመለስም እንጂ ውዬ ሳላድር ባስመለስኩት ነበር።

አንድ ቀን የዘፈዘፍኩበትን ውሃ ይዤ ወደ ቦዩ ስሄድ ድንቢጥ መንገዴ ላይ ቆመች።

«እማ፣ ያንን ውሃ የት ልትደፊው ነው?»

«የት እደፋዋለሁ? ሁልጊዜ የምደፋበት።»

«ቦዩ እኮ ወንዙ ውስጥ ነው የሚገባው። ቲቸር በረኪና ውሃ ውስጥ ያሉትን ትሎች ይገላል ብላለች። ትሎቹ ከሞቱ ዓሣው ይራባል፣ ዓሣው ከጠፋ ደግሞ ወፉ ይራባል።»

«እኔ ካላጠብኩ አንቺ ትራቢያለሽ። ይሄንንስ ነግራሻለች?»

እሷ ግን አልተወችውም። ከአባቷ ጋር ሆና ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረች። ከሥሩ ጠጠር፣ ከዚያ ከሰል፣ ከዚያ አሸዋ ሞላችበት። ውሃዬን እዚያ መድፋት ጀመርኩ። ጎረቤቶች እየመጡ ጉድጓዱን አዩ፤ «ማን አስተማረሽ?» አሏት። «ቲቸር!» አለች። ማን ወለደሽ ብሎ የጠየቃት የለም።

ሌላ ቀን ደግሞ እሑድ ቁጭ ብዬ የሠራሁላትን ሹሩባ ፈትታ መጣች። ፀጉሯ ልክ እንደዚያች ሴት ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ታስሯል።

«ሹሩባዬ ቅርንጫፍ እየያዘው ሲያስቸግረኝ ቲቸር ፈታችልኝ።»

«የሰው ልጅ ፀጉር ሳይጠየቅ ይፈታል?»

«እኔን ጠይቃኛለች።»

«ፀጉሩ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ!» አለች ግራ ገብቷት።

አባቷ ጫማውን እያወለቀ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ሴት፣ ቀናሽ እንዴ?»

«በምኗ ነው የምቀናው!»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ሴት ተሳፋሪ ስጭንና ሳወርድ አንድ ቀን ቀንተሽብኝ አታውቂም። አሁን በልጅሽ ስትቀኚ ሳይ እኔ ልቀና ነው።»

እሱ ሁሉንም ነገር ቀልድ ያደርገዋል። እኔ ግን አልቀለድኩም። የወላጆች ቀን የተባለ ጊዜ ወጥቼ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆቹ አለት ላይ ተቀምጠው ገደሉን የሚዞር አሞራ ይመለከቱ ነበር። ቲቸር በሩቅ ማያ መነጽሯ ስታይ ድንቢጥ ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጥላለች። ተራዋን እየጠበቀች ነው ልበል? ተራ የሚጠብቅ ሰው እንደዚያ አይደገፍም። እኔ ላይ እንደዚያ የምትደገፈው ሲያማት ብቻ ነው። «እማ፣ መጣሽ!» ብላ እጇን አውለበለበችልኝ፤ ግን ከዚያች ትከሻ ላይ አልተነሳችም።

ነገሩ የከረረው የሚዳቋዋ ግልገል ከመጣች በኋላ ነው። ጥበቃዎቹ እናቷን ገደል ገብታ ሞታ፣ ግልገሏን አጠገቧ ቆማ አገኟት። ከማዕከሉ ጀርባ በረት ሠርተው ጠዋትና ማታ በጡጦ ወተት ይሰጧት ጀመር። የሚሰጧት ቲቸር፣ ዘበኛውና ከክበቡ የተመረጠች አንዲት ልጅ ነበሩ። የተመረጠችው የኔዋ ናት።

ሥርዓት አለው። ግልገሏ ሰው መልመድ የለባትም። ሰው የለመደች ሚዳቋ ዱር ከገባች በኋላም ሰው ባየች ቁጥር ትጠጋለች፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ጡጦ አይዝም፣ ጠመንጃ የሚይዝም አለ። ስለዚህ ሦስቱም ተራ በተራ አንድ ካኪ ጋውን ለብሰው፣ ቆቡን ፊታቸው ላይ ጥለው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ነው የሚገቡት። ጋውኑ ግልገሏ የምትተኛበት ጭድ ውስጥ ይውላል፣ እዚያው ያድራል፤ ሳሙና አይነካውም። ግልገሏ የምታውቀው ያንን ሽታ ብቻ ነው። ውስጡ ማን እንዳለ አታውቅም።

«ታዲያ እናቷ ማን ሆነ?» አልኳት ድንቢጥን።

«ማንም። ጋውኑ።»

«ጋውን እናት ይሆናል?»

«ለጊዜው ነው እማ። ስትጠነክር ከመሰሎቿ ትቀላቀላለች። ቲቸር ምን ትላለች መሰለሽ? የኛ ሥራ ትታን እንድትሄድ ማድረግ ነው ትላለች።»

ይቺ ሴት የሰው ልጅ ሲያድግ አይታ አታውቅም እንዴ አልኩ በሆዴ። ልጅን ሂጂ ብሎ ማስተማር ምን ትምህርት ይፈልጋል? ሳይማሩትም ይሄዱበት የለ!

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ድንቢጥ ጋውኑን ጠቅልላ ይዛ መጣች። እጅጌው በአጥሩ ሽቦ ተይዞ ከብብቱ እስከ ክርኑ ተተርትሯል።

«ቲቸር ልብስ ሰፊ ጋ ልትልከው ነበር» አለችኝ። «እኔ ነኝ እናቴ ትሰፋዋለች ያልኳት። ለማታው ተራ ይዤው መሄድ አለብኝ።»

ደስ አለኝ። እናቴ ትሰፋዋለች ማለቷን ሁለት ሦስት ጊዜ ደግማ ብትነግረኝ አልጠላም ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ጨመረች።

«ግን እማ፣ እንዳታጥቢው። ቲቸር አደራ ብላለች፤ ውሃም አይንካው።»

ምሳዋን በልታ ጎረቤት ካለችው ጓደኛዋ ጋር ልታጠና ሄደች። እኔ በር ላይ ተቀምጬ እጅጌውን ሰፋሁት። ጥሩ አድርጌ ነው የሰፋሁት፤ ስፌቱ በውስጥም በውጭም አይታይም።

ልብስ አጣቢ አፍንጫ አላት። ልብስ አንስቼ ሳሸት ማን እንደሚያጨስ፣ ማን ሽንኩርት ሲከትፍ እንደዋለ፣ ማን ታሞ እንደሰነበተ አውቃለሁ። ጋውኑን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። መጀመሪያ የመጣው የግልገሏ ሽታ ነው፤ ጭድና እርጥብ ፀጉር፣ የረጋ ወተት። ከሥሩ የዘበኛው ሲጋራ አለ። አንገትጌው ላይ ደግሞ የሴት የፀጉር ቅባት። የልጄን ፈለግኩ። ብብቱን አሸተትኩ፣ ደረቱን አሸተትኩ፣ ገልብጬ ውስጡን አሸተትኩ። ከተወለደች ቀን ጀምሮ በጨለማ እንኳ የማልስተውን ሽታዋን አጣሁት። ያቺ ቅባት ግን በሄድኩበት ሁሉ አለች።

እጄ ወደ ሳሙናው ሲሄድ አየሁት። አልከለከልኩትም።

ቆሻሻ ነው፣ በሽታ ያስይዛታል፣ ከዱር እንስሳ የማይመጣ ነገር የለም፤ ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው። ውሸትም አይደለም፤ እኔ ሌላውን ቀን ሁሉ የምጨነቀው በዚህ ነው። ግን አንገትጌውን ስፈትግ፣ አለቅልቄ እንደገና ስፈትግ፣ የምፈልገው ጭቃ አልነበረም። ፀሐዩ ጠንካራ ስለነበር ቶሎ ደረቀ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም። ካውያዬን አግዬ ተኮስኩት። የእጅጌውን መስመር አወጣሁ፣ አጥፌ በወረቀት ጠቀለልኩት። ያቺ ሴት ወረቀቱን ስትፈታ፣ ይህች ልጅ እናት እንዳላት እንድታይልኝ ነው።

ድንቢጥ መጥታ ጥቅሉን ስትቀበለኝ ሽታው ቀድሞ ደረሳት። ወረቀቱን ከፈት አድርጋ አየች።

«እማ!»

«ልብስ ነው። ልብስ ይታጠባል።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«በዚህ ቤት የሚያዘው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ ያቺ?»

አየችኝ። የምትጮህ መስሎኝ ለጩኸቷ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችና አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ሮጠች።

ያን ቀን ስትመለስ ራት አልበላም አለች። እሑድም አልወጣችም። ሰኞ ከትምህርት ቤት መጥታ ቤት ዋለች። ምነው ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ጠይቄ መልሱን ከምሰማ ዝም ብዬ ባገኘሁት ልደሰት ብዬ ነው። አንሶላ ስናጥፍ ጫፉን ያዘችልኝ። ስለ ዓሣና ስለ ወፍ አላስተማረችኝም። ቲቸር የምትለው ቃል ከአፏ አልወጣም። የመጀመሪያው ቀን ጣፈጠኝ። ሁለተኛው ቀን ግን ለምለው ነገር ሁሉ «እሺ እማ» ስትለኝ፣ የበላችበትን ሳህን ሳላዛት ስታነሳ፣ ቤቴ እንግዳ የተቀመጠ መሰለኝ። የምወዳት ልጄ እኮ «ቆይ» የምትል፣ «ለምን» የምትል ልጅ ናት።

ሰኞ አመሻሽ ላይ እሷ ውጭ እያለች አባቷ ገባ።

«ልጅሽ ምን ነክቷት ነው ያንን ጋውን ያጠበችው?» አለኝ።

«ማነው ያጠበው?»

«እሷ ነቻ! ዘበኛው ነው የነገረኝ። ግልገሏ ጋውኑን ስታይ ጥግ ገብታ ትንቀጠቀጣለች አሉ። ከቅዳሜ ጀምሮ ጡጦውን አልነካም ብላለች። ቲቸር ማን አጠበው ብላ ብትጠይቅ፣ ልጅሽ እኔ ነኝ አለች። ከበረቱ አገደቻት።»

«ግልገሏስ?»

«በሲሪንጅ ጉንጯ ውስጥ ጠብ ጠብ ያደርጉላታል። ትትረፍ ትሙት አይታወቅም።» ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። ከዚያ እጁ እዚያው ላይ ቀረ። «ቆይ እስቲ። ይቺ ልጅ ካልሲዋን አጥባ ታውቃለች እንዴ?»

አንሶላ ማጠፌን ቀጠልኩ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ።

በበሩ በኩል ድንቢጥን አየኋት። ጉድጓዷ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አሸዋውን በእንጨት ትጭራለች። ሄጄ ልጠይቃት ተነሳሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ? ለምን ዋሸሽልኝ ብዬ? 

በማግስቱ እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ የዘፈዘፍኩትን ትቼ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። ባሌ በመስታወቱ አየኝ።

«ካገደቻትማ ተገላገልሽ አይደል? የት ነው የምትሄጂው?»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

የማዕከሉን ጀርባ ስዞር አንድ ሰሌዳ አየሁ። ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሶች ትምህርት፣ በቅርቡ ስለሆነ ጽሑፍ ሳይ ሳላነብ አላልፍም። «እንስሳ ያርፋል። ዝግ ብለው ይራመዱ» ይላል። ጫማዬን ላውልቅ አላውልቅ ጨነቀኝ። በጣቶቼ እየሄድኩ ሳለ ቲቸር ከበረቱ ወጣች። ጋውኑን ለብሳዋለች። ያ የተኮስኩት ጋውን በጭድና በግልገሏ በጠጥ ተለውሶ፣ አይቼው የማላውቀው ልብስ መስሏል።

«ደህና አደሩ እትዬ» አለችኝ በሹክሹክታ።

መንገዱን ሙሉ መግቢያ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። ሁሉም ጠፋብኝ።

«ጋውኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ነገረችዎት?»

«እሷማ መቼ ነገረችኝ! ተተኩሶ ነው የመጣው። የአሥር ዓመት ልጅ የእጅጌ መስመር አታወጣም።»

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ያለሁበት ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት።

«ታዲያ ካወቁ ለምን አገዷት?»

«ስለ ጋውኑ አይደለም።» ቆቡን ከራሷ ላይ አወረደች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ቅዳሜና እሑድን እንዳልተኛች ያስታውቃል። «እውነቱን እንድትነግረኝ ነው። ደጋግሜ ጠየቅኳት። በመጨረሻ እናትሽ ናት አይደል አልኳት። ዓይን ዓይኔን እያየች እኔ ነኝ አለች። አስፈራራኋት፣ ከበረቱ ትወጫለሽ አልኳት። እኔ ነኝ አለች፣ ወጣች።» ከዚያ «ለኔ የማትነግረኝ ነገር የለም ብዬ ነበር እኮ የማስበው» አለች።

ያቺን ድምፅ ወዲያው አወቅኳት። ለወራት ጉሮሮዬ ውስጥ የከረመች ናት። ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ስሰማት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ልጄ እሷን ዋሽታ እኔን መርጣለች። ግልገሏ ከአጥሩ ወዲያ ተርባ ተኝታ፣ ልጄ ቤት ውስጥ አንገቷን ደፍታ፣ እኔ እዚያ ቆሜ ደስ አለኝ።

«ለምን አጠቡት?» አለችኝ።

«ሸተተኝ።»

«ምኑ?»

«እርስዎ።»

እጇ ሳታስበው ወደ ፀጉሯ ሄደ።

«ልጅዎን ልወስድብዎት አልፈልግም።»

«ላይፈልጉ ይችላሉ» አልኳት። «ግን እየወሰዱ ነው።»

በአጥሩ ስንጥቅ በኩል እንዳይ በእጇ ጠቆመችኝ። ግልገሏ ጥግ ላይ ተኝታለች። ጎኗ ገብቶ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጡጦው ትንሽ እንደጠጣች ቲቸር ነገረችኝ። ትንሽ ስንት ነው? ነገስ ትጠጣ ይሆን? ልጅ አልበላም ሲል የሚይዘኝ ጭንቀት ያዘኝ። እኔ እኮ ድንቢጥ አንድ ጉርሻ ብትተው ሌሊቱን የምገላበጥ ሴት ነኝ። የዚህችን ምግብ ከአፏ ያስጣልኩት ግን እኔ ነኝ።

«ዛሬ ከሰዓት ትምጣ በሏት» አለችኝ ስንለያይ። «እኔም ዘበኛውም ደክመናል፣ ሦስተኛ ሰው እንፈልጋለን። ዛሬ ካልመጣች ግን ሌላ ልጅ ለመመደብ እገደዳለሁ። ልጆቹ እየጠየቁኝ ነው።»

በእግሬ ወረድኩ። ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ ሐሳብ አብሮኝ ወረደ፤ መልእክቱ ያለው በኔ አፍ ውስጥ ብቻ ነው። አፌን ብዘጋ ዛሬ ታልፋለች። ሌላ ልጅ ይመደባል፣ ልጄ እንደተጣለች ታስባለች፣ ጥቂት ትከፋለች፣ ከዚያ ትረሳዋለች። ቤቴ ትቀመጣለች። ዋሸሽ የሚለኝ የለም፤ አለመናገር ውሸት ነው ያለው ማነው?

ድንቢጥ ከትምህርት ቤት መጣች። ምሳ ሰጠኋት፣ በላች። ሰዓቱን አየሁ።

«ነይ፣ ፀጉርሽን ልሥራሽ።»

«እሺ እማ።»

ጉልበቶቼ መካከል ተቀመጠች። ያንን ወደ ኋላ የታሰረ ፀጉር ፈታሁት፣ አበጠርኩት፣ ከግራ በኩል መጎንጎን ጀመርኩ። አንገቷ በእጄ ነው፣ ጭንቅላቷ በእጄ ነው። ዶሮ እንኳ ሲይዟት ትፈራገጣለች፤ ልጄ አልተፈራገጠችም። ጆሮዋ አጠገብ ያለው ቦታ ስስ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እዚያ ስደርስ «ኧረ እማ!» እያለች ቤቱን ትቀውጠዋለች። አጥብቄ ጎተትኩ።

«አላመመሽም?»

«አይ።»

ሌላ ጎተትኩ። ዝም። ውጭ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ለተሳፋሪ ሲነፋ ሰማሁ። ትከሻዋ ነቃ አለ፣ መልሶ ወደቀ።

«ዛሬ ተራሽ ነው ተብለሻል» አልኳት።

ዘወር ስትል ጉንጉኑ ከእጄ አመለጠ።

«ማን አለ?»

«ቲቸር።»

«እዚያ ሄደሽ ነበር?»

«ጠዋት።»

«ምን አልሻት?»

«ያጠብኩት እኔ ነኝ አልኳት።»

አንገቴ ላይ የምትጠመጠም መስሎኝ ነበር። ብድግ ብላ ቆመች። ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ፣ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው አፈጠጠችብኝ።

«ለምን ነገርሻት! ደብቄልሽ ነበር እኮ!»

«የኔ ልጅ፣ ለኔ ብለሽ...»

«እንድትጠላሽ አልፈለግኩም! አንቺ ጎበዝ እንደሆንሽ ነው የነገርኳት። እናቴ የማትሰፋው ልብስ የለም፣ የማታስለቅቀው ቆሻሻ የለም ብያታለሁ። አሁን ምን ትላለች? እኔንም ውሸታም ትለኛለች። በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

አለቀሰች። ትወስድብኛለች እያልኩ ቀን ከሌት ስብሰለሰል፣ ይቺ ጭብጥ የምታክል ልጅ እኔን ከዚያች ሴት ፊት ስትጠብቀኝ ነው የከረመችው።

«አትልሽም» አልኳት። «እንኳን አንቺን፣ እኔንም ምንም አላለችኝ።»

«ብቻዬን አልሄድም። አብረሽኝ ነይ።»

«ቆይ ግማሹ ራስሽ...»

«ተይው እማ! አውቶቡሱ ሊሄድ ነው!»

ሮጠን ደረስን። አባቷ በመስታወቱ ጭንቅላቷን አየና ሞተሩን እያስነሳ «ምን ዓይነት ፋሽን ነው ይሄ? በግራ በኩል እናት፣ በቀኝ በኩል ቲቸር?» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ድንቢጥም እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ ትክክል ነው የተናገረው።

ከፌርማታው እስከ ጥብቅ ሥፍራው በር አጭር ዳገት አለ። እዚያ ላይ እጄን ያዘችኝ። ትልቅ ሆኛለሁ ካለች ወዲህ መንገድ ላይ ይዛኝ አታውቅም። መዳፏ በፍርሃት ረጥቧል። ዝግ ብዬ ነው የተራመድኩት፤ ዳገቱ እንዳያልቅብኝ።

ቲቸር በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከሩቅ ስታየን ጋውኑን በክንዷ እንደያዘች አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። ድንቢጥ እርምጃዋን አፈጠነች። እኔ ያቺን ትንሽ እጅ ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት፤ ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ እጆቻችን እስክታወርድ ድረስ ያዝኳት። አወረደች። አየች።

«እማ፣ እጄን» አለች ድንቢጥ። «አሳመምሽኝ።»

ለቀቅኳት።